መቀሴን ይዛ ቡሬ ሄደች

ለማከብርዎትና እንደ እናቴ ለማይዎት እኅቴ፣ ለእትዬ ደስታነሽ፤

እንደምን ከርመዋል? የጅግጅጋ ነፋስ እንዴት ይዞዎታል? በፋሲካ ሰሞን ደረጃ ስወጣ ጉልበቴን ያመኛል ብለውኝ ነበር፤ አሁን ታገሠልዎ? ጋሼ ባምላኩስ ሳላቸው ለቀቃቸው ወይስ አሁንም ሰፈሩን ሲቀሰቅሱ ያድራሉ? ትንሹ ሃይለ ሚካኤል ባለፈው በስልክ በሶማልኛ ሰድቦኛል፤ ስድብ መሆኑን ያወቅሁት እርስዎ ከኋላ ሲስቁ ሰምቼ ነው። ምግብ ቤቱስ፣ ሠራተኞቹስ፣ ከበር የማይጠፋው ድመትዎ ሳይቀር ሁሉም ደኅና ናቸው? እኔ፣ መስከረምና ልጆቹ ጤናችን ሙሉ ነው። እናታችንም ደኅና ናቸው። ዓይናቸው ትንሽ ደከም ከማለቱ በቀር ምላሳቸው እንደ ድሮው ነው፤ በዚህ ሰሞን ደግሞ በእኔ ላይ በርትቷል። ምክንያቱን ከዚህ በታች ያገኙታል።

ስልክ እያለ ደብዳቤ መጻፌ እንዳያስደነግጥዎ። የሞተም የታመመም የለም። እርስዎ እንደሚያውቁኝ፣ እኔ ስልክ ስይዝ አፌ ከእኔ ቀድሞ ይቀልዳል። እርስዎ ሲስቁ ከሰማሁ ደግሞ ልነግርዎ ያሰብኩት ሁሉ ይጠፋብኛል፤ ወይም ጠፋብኝ ብዬ ለራሴ እነግረዋለሁ። ወረቀት ግን አይስቅልኝም። ስለዚህ ዛሬ የፀጉር ቤቴን በር ገርበብ አድርጌ፣ ደንበኛ በሚቀመጥበት ወንበር ላይ እኔው ተቀምጬ እጽፍልዎታለሁ። ፊት ለፊቴ ባለው መስታወት ውስጥ አንድ ሰውዬ ቀና ባልኩ ቁጥር ያየኛል፤ ዛሬ ብዙም አልወደድኩትም።

ነገሩ የልጅዎ የያምሮት ነገር ነው። በሚያዝያ መጨረሻ ከቼዝ ማጣሪያው የወደቀች ለት ደውለው "ልጄ ምን ሆና ነው?" ሲሉኝ፣ "ኔትዎርክ ከድቷት ነው፤ ሰማይ ላይ ያለውን ሽቦ ይርገሙልን" አልኩዎት። እርስዎም የእናት እርግማን ረገሙት። ያ ሽቦ ንጹሕ ነው፣ እትዬ። ኔትዎርኩ ያን ቀን ከጠዋት እስከ ማታ እንከን አልነበረበትም። ልጅዎን ከማጣሪያው ያስወጣኋት እኔ ነኝ።

ከመጀመሪያው ልጀምር። በክረምቱ አዲስ አበባ ላይ የአገሪቱ ምርጥ ተጫዋቾች የሚገናኙበት ውድድር አለ። እዚያ የሚገባው ማጣሪያ ያለፈ ብቻ ነው። ማጣሪያውም እዚያው አዲስ አበባ ቢሆን ደግ ነበር፤ መንገዱ ግን እንደሚያውቁት ነው፤ አንድ ሰሞን ይከፈታል፣ አንድ ሰሞን ይዘጋል። ልጅ ለአንድ ጨዋታ ብላ ዓባይን ተሻግራ ልትመላለስ አትችልም። ስለዚህ አዘጋጆቹ ቅይጥ የሚሉትን ዘዴ አመጡ። ተጫዋቹ በየከተማው በተመረጠ አዳራሽ ላፕቶፕ ፊት ይቀመጣል፤ ተጋጣሚው ሌላ ከተማ፣ ሌላ ላፕቶፕ ፊት ይቀመጣል፤ ጠጠሩ በኢንተርኔት ይመላለሳል። በአዳራሹ ግን በሥጋ የቆመ ዳኛ አለ፤ ካሜራና ማይክራፎንም ተተክሎ አዲስ አበባ ያሉት ዋና ዳኞች ያያሉ፣ ይሰማሉ። ሰው ቤቱ ብቻውን ተቀምጦ ቢጫወት፣ ከጎኑ ማን ሆኖ እንደሚነግረው አይታወቅማ። ይህን ሁሉ ጥንቃቄ ያደረጉት እንደ እኔ ያለ ሰው በምድር ላይ መኖሩን ቢያውቁ ነው።

የእኔን ፀጉር ቤትና በደጁ ያለችውን አግዳሚ ወንበር ያውቋቸዋል። ቼዝ ያስተማረኝ ሰው የለም፤ በወጣትነቴ ቡሬ መናኸሪያ ሾፌሮች ሲጫወቱ ቆሜ እያየሁ ለቃቅሜ፣ አምጥቼ እዚህች አግዳሚ ላይ ተከልኩት። በእኛ አግዳሚ ሁለት ሰው ብቻ ተጫውቶ አያውቅም። ጠጠሩን የሚያንቀሳቅሱት ሁለት ናቸው፤ የሚጫወተው ግን የቆመው ሁሉ ነው። ጋሽ አለበል፣ እኚያ የእህል መኪና ይነዱ የነበሩት፣ "ይህን ፈረስ ገለባ ስጠው እንጂ፣ ለምን እንዲህ ታንከራትተዋለህ" ይላሉ። ሌላው ይነሣና "ንግሥትህ ያለ አጃቢ ገበያ ወጣችልህ" ይላል። ዝም ብሎ የሚያይ ሰው ከተገኘ፣ ይህ ደግሞ ምን ቂም ይዞ ነው ይባላል። እኔ ፀጉር እየቆረጥኩ ሰሌዳውን በመስታወቱ ውስጥ አያለሁ፤ የምናገረው በመቀሴ ነው። አንዱ ሊሳሳት እጁን ሲዘረጋ መቀሴን አየር ላይ ቅጭ፣ ቅጭ አደርጋለሁ። ሰውዬው እጁን ይሰበስባል፤ ደጁ በሳቅ ይሞላል። ያምሮት እርስዎ ወደ ጅግጅጋ ከሄዱ ወዲህ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የምትውለው እዚያች አግዳሚ ላይ ነው። የመቀሴን ድምፅ ከፊደል እኩል ነው ያስለመድኳት።

የማጣሪያው የመጨረሻ ጨዋታ በከተማችን ባለ አንድ ኮሌጅ የኮምፒዩተር ክፍል ውስጥ ነበር። ዳኛው ቴዎፍሎስ የሚባል የሒሳብ መምህር ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ ፀጉሩን የማስተካክለው እኔ ነኝ፤ ከማጅራቱ በላይ አልተኛም የምትል አንዲት ቁንጮ አለችው። ተመልካች ከተወጠረው ገመድ ወዲያ ቆሞ እንዲያይ ተፈቅዷል፤ ስልክ ግን በር ላይ ይሰበሰባል። ስልኬን አስረከብኩ። መቀስ አምጣ ያለኝ የለም። ከሥራ በቀጥታ ስለመጣሁ በጋዋኔ ኪስ ውስጥ ነበር።

ተጋጣሚዋ ድሬዳዋ የተቀመጠች ልጅ ናት። ያምሮት ለማለፍ ማሸነፍ ነበረባት፤ አቻ አይበቃትም። እኔ ከኋላዋ ወደ ግራ ብዬ ስለቆምኩ ስክሪኗ ወለል ብሎ ይታየኛል። ጨዋታው ከተጋመሰ በኋላ የልጅቱ ፈረስ ያለ ጠባቂ ቀረ። ያምሮት የማውሷን ጠቋሚ ንግሥቷ ላይ አሳረፈች፤ ልትበላው ነው። ለእኔ ግን ፈረሱ ማጥመጃ መሰለኝ። ብትበላው ንጉሧ ሲከበብ፣ እሷ አንገቷን ደፍታ ስትወጣ፣ እርስዎ በስልክ ድምፅዎ ሲሰበር፣ ሁሉም በአንድ ላይ ታየኝ። ኪሴ ውስጥ ቅጭ፣ ቅጭ አለ።

እጄ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም ብዬ ራሴን ላጽናና ሞክሬአለሁ። አልሆነልኝም። እውነቱን ልንገርዎ፤ መቀሱ ከመጮኹ በፊት አንዲት ትንሽ ጊዜ ነበረች፤ በዚያች ጊዜ ውስጥ "ማንም አይሰማም" ብዬ አስቤ ነበር። ይህን ለመስከረም እንኳ አልነገርኳትም።

ያምሮት እጇን ከማውሱ ላይ አነሣች። ዞር ብላ አላየችኝም፤ አንገቷ ሲገተር ግን ከኋላ አየሁት። ጥቂት ቆይታ ፈረሱን ተወችውና ንጉሧን አንድ እርምጃ ወደ ጥግ ገፋ አደረገችው። ምንም የማይፈይድ እርምጃ ነው። ወዲያው ከአዲስ አበባ በድምፅ ማጉያው፣ ጨዋታው ይቁም፤ የሰማነው ድምፅ ምንድን ነው አሉ። ቴዎፍሎስ ወደ እኛ ዞሮ "ምንድን ነው የጮኸው?" አለ። እዚያ ላይ "እኔ ነኝ" ብል ኖሮ ይህ ደብዳቤ በጣም አጭር ይሆን ነበር። እኔ ግን "የቤቱ ቆርቆሮ ነው፤ እሱም ጨዋታውን እየተከታተለ ነው" አልኩ። ሰው ሳቀ። ሰው ሲስቅልኝ ደስ ይለኛል፤ ያን ቀንም፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝና፣ ለቅጽበት ደስ አለኝ።

ከዚያ ወደ ያምሮት ዞሩ። ድምፁን ሰምተሻል ወይ ብለው ጠየቋት፤ "ሰምቻለሁ" አለች። ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ ቢሏት "አውቃለሁ" አለች። የማን ነው ሲሏት ዝም አለች። ደግመው ጠየቋት፤ ደግማ ዝም አለች። እጅሽን ለምን መለስሽ ሲሏት "ስለሰማሁ" ብላ መለሰች። አልዋሸችም፣ እኔንም አሳልፋ አልሰጠችም፤ ሁለቱን አንድ ላይ ለመያዝ የቀራት መንገድ ዝምታ ብቻ ነበር፣ በእሱም ከሰሷት። ጨዋታው በፎርፌ ተወሰደባት፤ ከውጭ እርዳታ ተቀብላለች የሚለው ነገር ተጣርቶ ከጸና ደግሞ ከዚህ ወዲህ በየትኛውም ውድድር እንዳትቀርብ ሊያግዷት እንደሚችሉ ተነገራት።

እርስዎ የደወሉት የዚያኑ ዕለት ነው። ኔትዎርክ ብዬ ከዋሸሁዎት በኋላ ስልኩን ለእሷ ሳቀብላት በዓይኔ ለመንኳት። ያምሮትም "አዎ እማ፣ ኔትዎርኩ ነው" አለችዎ። ለዳኞቹ ያልዋሸች ልጅ ለእናቷ ዋሸች፤ ያስዋሸኋት እኔ ነኝ። እትዬ፣ ከሠራሁት ሁሉ እንቅልፍ የነሣኝ ይህ ነው። ከዚያ ወዲህ ሲደውሉልኝ "የሰው ጭንቅላት ይዣለሁ" እያልኩ የዘጋሁብዎትም ጭንቅላት ኖሮ አልነበረም።

ወሬ በከተማው ዞረ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጋሽ አለበል አግዳሚው ላይ ጠጠር እየደረደሩ፣ "ይህች ልጅ ማጭበርበርን ከማን ተማረች? ከእኛ እንዳይሆን፤ እኛ እንኳ በግልጽ ነው የምናጭበረብረው" አሉ። ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ያምሮት በዚያን ጊዜ ከትምህርት ቤት እየመጣች ነበር፤ ሳቁን ሰማችና መንገዷን ቀይራ በጀርባ በኩል፣ በጭቃው ዞራ ሄደች። ከዚያ በኋላ በደጃችን ማለፍ ተወች።

በሳምንቱ ግን መጣች። ከጣውላ የሠራሁላትን ሰሌዳ፣ አንድ ወታደር ጠፍቶ የካፖርት ቁልፍ የተተካበትን፣ በክንዷ ይዛ ነው የገባችው። ከማበጠሪያዎቹ አጠገብ አስቀመጠችውና "ይቀመጥልዎ" አለችኝ። እንደ እንግዳ ሰው። እኔ ደግሞ ልጋፈጠው ሲገባኝ እንደ ውለታ ማውራት ጀመርኩ፤ "ያ ፈረስ እኮ ማጥመጃ ነበር፤ ብትበዪው አለቀልሽ ነበር" አልኳት። ዓይን ዓይኔን እያየች እንዲህ አለችኝ፤ "ማጥመጃ አልነበረም። ብበላው አሸንፍ ነበር። መቀሱን ከሰማሁ በኋላ ግን የትኛውም የእኔ መሆኑ ቀረ፤ ብበላውም እርስዎን ሰምቼ፣ ብተወውም እርስዎን ሰምቼ ነው የሚሆነው። ስለዚህ የማይጠቅመኝን ተጫወትኩ።" ይህን ብላ ወጣች።

እሷ ስትሄድ ጠጠሩን እንደዚያ ቀን ደርድሬ አየሁት። በስልኬ ያለውን የቼዝ ፕሮግራምም ጠየቅሁት። ልጅዎ ትክክል ናት፤ ፈረሱ ነጻ ነበር። በከተማው ውስጥ አስተማሪዋ ነኝ እያልኩ ስኩራራ፣ ልጅቱ እኔን አልፋ ከሄደች ቆይታለች። ያላወቅሁት እኔ ብቻ ነኝ። ወይም አውቄው፣ ሳልወደው ቀርቼ ይሆናል። ከኋላዋ የጮኸው ያ ነገር ይሆናል ብዬ አስባለሁ።

በማግሥቱ ሱቅ ሳልከፍት ቴዎፍሎስ ቤት ሄድኩ። "ጋሼ፣ በጠዋት ቤት ለቤት መቁረጥ ጀመሩ እንዴ?" ብሎ ተቀበለኝ። መቀሱን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። "ቆርቆሮው ይህ ነው" አልኩት። አልሳቀም። ያን ድምፅ በጆሮዬ ሥር እየሰማሁ ነው ያደግሁት፤ ጠርጥሬ ነበር፤ ያላየሁትን መመስከር ስለማልችል ግን እስኪመጡ እጠብቅዎ ነበር አለኝ። እትዬ፣ አንድ ሰው ቢቆጣዎ ይሻላል። ሲጠብቅዎ ከኖረ ሰው ፊት መቆም ይከብዳል።

ዋና ዳኞቹ በካሜራ ቃልዎን እንስማ አሉኝ። በዚያው ክፍል፣ እሷ በተቀመጠችበት ወንበር ላይ አስቀመጡኝ። በስክሪኑ ውስጥ ሦስት ሰዎች ተደርድረው ያዩኛል። መቀሱን ኪስዎ ውስጥ ይክተቱና ያን ቀን እንዳደረጉት ያድርጉት አሉኝ። አንድ ጊዜ ቅጭ አደረግሁ። "ሁለት ጊዜ ነው የተሰማው" አለች አንዷ ሴትዮ። ሁለት ጊዜ አደረግሁ። ከተቀዳው ጋር አስተያዩት። ዕድሜዬን ሙሉ ተመልካች ስፈልግ የኖርኩ ሰው፣ እንዲህ በጥሞና የተመለከተኝ ሰው አግኝቼ አላውቅም። ቀድማችሁ የተስማማችሁበት ምልክት ነው ወይ ብለው ጠየቁኝ። እዚህ ላይ "አይደለም" ብሎ መዝጋት ይቀል ነበር። ግማሽ እውነት እንደገና እሷን እንዳይጎዳት ፈራሁና፣ "አልተስማማንም፤ ግን ከልጅነቷ ያስለመድኳት ነገር ነው፤ ስትሰማው ትርጉሙን ሳታውቅ መቅረት አትችልም" አልኳቸው። ሴትዮዋ ብዕሯን አስቀመጠች። ልጅዎን ዳግመኛ የሸጥኳት መሰለኝ።

ያወጣን ቴዎፍሎስ ነው። የሒሳብ ሰው ስለሆነ ደረጃ በደረጃ አስረዳቸው፤ እርዳታ የፈለገች ልጅ የማይረባ እርምጃ ትጫወታለች ወይ፣ ድምፁን ከሰማች በኋላ ያደረገችውን እዩት፣ ማሸነፊያዋን ጥላ ነው ያንን የተጫወተችው አላቸው። እነሱም መርምረው አመኑ። ስሟ ጸዳ። ጨዋታው ግን ሊደገም የሚችለው ተጋጣሚዋ ከፈቀደች ብቻ ነው ተባለ። የድሬዳዋዋ ልጅ ያለ ልፋት ያገኘችውን ድል ይዛ ብትቀር ማን ይፈርድባታል? "እኔም በመቀስ ማሸነፍ አልፈልግም፤ ትምጣና እንጫወት" አለች አሉ። ድሬዳዋ ለእርስዎ ቅርብ ናትና፣ በዚያ ካለፉ ይህችን ልጅ ፈልገው ይመርቁልኝ። ድጋሚው ቡሬ ባለው አዳራሽ እንዲሆን፣ እኔም እሷ በምትጫወትበት አዳራሽ ደጃፍ ዝር እንዳልል ተወሰነ።

ያ ቀን ዛሬ ነው። ገና በማለዳ ያምሮት ከእናታችን ጋር ለመሄድ ተዘጋጅታ ወደ ፀጉር ቤቱ መጣች። መዳፏን ዘረጋችና "መቀሱን" አለችኝ። ሰጠኋት። "ሌላ አለዎት?" አለች። የለኝም አልኳት፤ ይህ እውነት ነበር። በጋዜጣ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። እናታችን ከበሩ ላይ ሆነው "አንተ እዚሁ ዋል፤ ምላስህንም ይዘህ ዋል" አሉኝ። ሚኒባሱ ወደ ማንኩሳ መታጠፊያ እስኪሰወር ቆሜ አየሁት።

ስለዚህ ዛሬ ያለ መቀስ ፀጉር ቤት ከፍቼ ተቀምጫለሁ። ጋሽ አለበል ሊስተካከሉ መጥተው "መቀሱ ታሠረ እንዴ?" አሉኝ። ለምስክርነት ቡሬ ሄዷል አልኳቸውና፣ መሳቅ ሳይጀምሩ ሁሉንም ነገርኳቸው። አግዳሚው ላይ ያሉትም ሰሙ። ልጅቱ ማጭበርበርን ከማንም አልተማረችም፤ ያጭበረበርኩት እኔ ነኝ፣ የሳቃችሁባት እኔ እያለሁ ነው አልኳቸው። ጋሽ አለበል በእጃቸው የነበረውን ወታደር የት እንደሚያስቀምጡት እንደጠፋቸው ሰው አገላብጠው አዩት። "እኛም ስቀናል" አሉ በመጨረሻ። በእኛ አግዳሚ ላይ ይህን ያህል ጸጥታ ሆኖ አያውቅም።

ይህን ክፍል የምጽፍልዎ በማግሥቱ ነው፤ ትናንት ከዚያ በላይ መጻፍ አልቻልኩም። በር በሩን ሳይ ዋልኩ። ማንኩሳ ላይ ከባድ ዝናብ ይዟቸው ዘግይተው ገቡ። ቀድመው የወረዱት እናታችን ናቸው፤ ጫማቸው እስከ ቁርጭምጭሚት ጭቃ ነው። "እንዴት ሆነች?" ብላቸው፣ "ተቀምጣ ዋለች፣ ተነሥታ ሳቀች፤ ከዚህ በላይ አልገባኝም" አሉኝ። ያምሮት ከኋላ መጣችና "አልፌአለሁ" አለች። እልል ያሉት የአግዳሚው ሰዎች ናቸው። እኔ ወንበር ሳብኩላት።

ከዚያ አጠገቤ ተቀምጣ ነገረችኝ። "መሐል ላይ ንግሥቴን ይዤ ቆምኩ። ጆሮዬ መቀስህን ይጠብቃል። መቀሱ ቦርሳዬ ውስጥ፣ ከእግሬ ሥር እንዳለ ትዝ ሲለኝ ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር። ዝም ሲል ጊዜ፣ እሺ አሁን ራሴ ላስብ አልኩ" አለችኝ። እየሳቀች ነው የነገረችኝ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ቤቴ ስገባ ግን ይህች ልጅ ይህን ያህል ዘመን ለማሰብ የእኔን ዝምታ ስትጠብቅ እንደኖረች አሰብኩና ራት አልበላ አለኝ።

መቀሱን አልመለሰችልኝም። "ለእማ ነው የምሰጣት። የዋሸናት እሷን ነው። ከፈለገች ትመልስልህ፤ ካልፈለገች ምግብ ቤቱ ውስጥ ጎመን ትቁረጥበት" አለች። እንግዲህ ፍርዱ ከእርስዎ ነው።

የአዲስ አበባው ውድድር በሐምሌ ነው። እኔ አዳራሹ ደጅ መድረስ አልችልም፤ ቢፈቀድልኝም አልሄድም። ከገመዱ ወዲያ ግን አንድ የሥጋ ዘመድ ሊቆምላት ይገባል። እርስዎ ይምጡላት፣ እትዬ። ልጅዎን በዓይነ ሥጋ ካዩዋት ስንት ክረምት አለፈ። ቼዝ አያውቁም፤ ለዚህ ቦታ ከእርስዎ የተሻለ ሰው ያጣሁት ስለዚህ ነው። ፈረስ ቢበላም ቢተርፍም ፊትዎ አይለወጥም፤ የሚያዩት እሷን ብቻ ነው። እኔ በቆምኩበት ጊዜ ያላደረግሁት እሱን ነው። ጉልበትዎን ካመመዎ ወንበር ይሰጡዎታል፤ ቴዎፍሎስ ነግሮልኛል። ስለ ኔትዎርኩ የዋሸሁዎትን ይቅር ይበሉኝ ብዬ በወረቀት አልለምንዎትም፤ መቀሱን ሲቀበሉ ያስቡበት።

ለጊዜው ጅጋ ከተማ ካለ ፀጉር አስተካካይ ወዳጄ አንድ ያረጀ መቀስ ተውሻለሁ። ብሎኑ የላላ ስለሆነ ድምፅ የለውም፤ ፀጉር ሲቆርጥ እንኳ አይሰማም። ዛሬ ጠዋት የሰው ጭንቅላት ይዤ በመስታወቱ ውስጥ አየሁ፤ ጋሽ አለበል ንግሥታቸውን ሊያስበሉ እጃቸውን ዘረጉ። ጣቴ ተንቀሳቀሰ። መቀሱ ዝም አለ፣ እኔም ዝም አልኩ፣ ንግሥቲቱም ተበላች። ጋሽ አለበል ቀና ብለው በመስታወቱ ውስጥ አዩኝና፣ "በርታ" አሉኝ።

ለጋሼ ባምላኩ ከልብ የሆነ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ፤ ሳላቸው ካልለቀቃቸው እናታችን ያዘጋጁትን የማንኩሳ ማር ደብዳቤውን የሚያመጣው ሰው ይዞላቸዋል። ሃይለ ሚካኤልን ሁለት ጉንጩን ይሳሙልኝ፤ ለስድቡ መልስ እያጠናሁ ነው። ሠራተኞችዎን አንድ በአንድ በስማቸው ሰላም ይበሉልኝ፤ ድመቱንም አይርሱት። እናታችን "ጉልበቷን በሙቅ ውኃ ታሽ፣ ለልጇም ትምጣላት" ብለዋል፤ ይህን ሲሉ እኔን እያዩኝ ነበር። መስከረምና ልጆቹ እጅ ነሥተዋል። ያምሮት የራሷን ሰላምታ ራሷ በስልክ ታደርስዎታለች፤ ይህ ደብዳቤ በደረሰዎ ለት ማታ ትደውላለች፣ እውነቱንም ከአንደበቷ ይሰሙታል። እኔ ስልኩ አጠገብ አልሆንም።

ታናሽ ወንድምዎ እንዳለው
ፍኖተ ሰላም፣ ግንቦት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.